ስለ ተተከለው የአየር ቧንቧ ጽሑፍ ጥቂት ነቀፌታ

በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለ ገበሬ በጭንጫ ላይ የወደቀ ዘር ቡቃያ ስላሳየ ብቻ መከሩ ሠመረ አይልም። ይህን ያነሣነው ዶክተር ፓዎሎ ማኪያሪኒና ባልደረቦቹ በኅዳር 2004 ዓ.ም. በላንሴት መጽሔት ስላወጡት ጽሑፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በሰኔ 2003 ዓ.ም. በስዊድን አገር በካሮሊንስካ ሆስፒታል፥ የአየር ቧንቧውን ዕጢ ለያዘበት አንድ ኤርትራዊ ተማሪ ከፕላስቲክ የተሠራ ቧንቧ ተተከለለት። አስቀድሞ ከራሱ መቅኔ የወጡ ሕዋሳት ለ36 ሰዓት ተዘሩበት፤ ከእነርሱ መካከል ያሉት ግንደ ሕዋሳት (ስቴም ሴል የሚባሉት) ቧንቧውን ሕያው ያደርጉታል ተብሎ ታሰበ። ጸሐፊዎቹም ከ5 ወር በኋላ በሽተኛው በደኅና ይተነፍሳል አሉ።

እኛ የምንነቅፈው ተስፋውን አይደለም። ነገር ግን ፕላስቲክ የደም ሥር የለውም፤ ደም ያልደረሰው ሕዋስም ይሞታል። በአገራችን እንኳ ኖማ የበላው ፊት ሲጠገን ሐኪሙ ሥጋውን የሚያዛውረው ከነደም ሥሩ ነው። ታዲያ ደሙ ከወዴት ይመጣል ብሎ የጠየቀ መርማሪ አልነበረምን? አስቀድሞስ በእንስሳ ላይ ስለ ምን አልተሞከረም?

በሽተኛው በጥር 2006 ዓ.ም. ሞተ። አራት የሥራ ባልደረቦች አቤት ቢሉም፥ ተቋሙ በ2007 ዓ.ም. ማኪያሪኒን ነጻ አወጣው። የይግባኝ ፍርድ ቤት ግን በሰኔ 2015 ዓ.ም. 2 ዓመት ከ6 ወር እስራት ፈረደበት። ላንሴት ጽሑፉን የሰረዘው ገና በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነው። ሰውየው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የኖረው 2 ዓመት ተኩል ሲሆን፥ ደኅና ነው የሚለው ቃል ግን 12 ዓመት ያህል ኖረ።