ውሃ የማይቀዳበት እንስራ፤ ስለ ላዲ ክዋሊና ስለ ማግደሊን ኦዱንዶ የሸክላ ሥራ
የሸክላ ሥራ ከእጅ ሙያነት ወደ ሥነ ጥበብ የሚሸጋገረው ከአገልግሎት ሲላቀቅ ነው የሚል አስተያየት በብዙዎች ዘንድ ይሰማል። ማድጋ ውሃ እስከ ያዘ ድረስ ዕቃ ነው፤ በሙዚየም መስተዋት ውስጥ ሲቆም ግን ጥበብ ይሆናል እንደ ማለት ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህን አስተያየት በሁለት አፍሪካውያት ሥራ ለመመዘን አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ላዲ ክዋሊ በናይጄሪያ ከግዋሪ ሕዝብ የተወለዱ ሲሆኑ፥ ሙያውን ከአክስታቸው ተማሩ። የሚሽከረከር መዘውር ሳይኖር፥ የጭቃውን ጥቅል እየደራረቡ፥ ራሳቸው በእንስራው ዙሪያ እየዞሩ ይሠሩ ነበር። በገላውም ላይ እንሽላሊት፥ እባብና አዞ ይቀርጹበት ነበር። እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ማይክል ካርዲው ሥራቸውን በአቡጃው አሚር ቤት ካየ በኋላ፥ እርሱ ባቋቋመው የሸክላ ማሠልጠኛ በ1954 ገቡ፤ ከሴቶችም የመጀመሪያይቱ እርሳቸው ነበሩ። ሥራቸው በለንደን ለትርኢት ቀረበ፤ በ1977 ከአህመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነት ተቀበሉ፤ ምስላቸውም በናይጄሪያ የሃያ ናይራ ኖት ላይ ታትሟል።

ይሁን እንጂ ይህ ክብር ያለ ዋጋ አልተገኘም። በአቡጃ እንስራው እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ቅብ ተቀብቶ በብርቱ እሳት በእቶን ይተኰስ ጀመር። በገጠር የሚተኰሰው ማድጋ ውሃውን በጥቂቱ ስለሚያልበው፥ ላቡ ሲተን ውሃው ይቀዘቅዛል። ቅብ የተቀባው ግን አያልብም፤ ስለዚህ አያቀዘቅዝም። እንስራው ለትርኢት አዳራሽ ሲበጅ ለጥም የነበረውን ጥቅም አጣ። ቅርጹ ግን አልተለወጠም፤ ውበቱም ያለው እዚያው በቅርጹ ላይ ነው።

ማግደሊን ኦዱንዶ በ1950 በናይሮቢ ተወልደው፥ በእንግሊዝ አገር ተምረው፥ በ1970ዎቹ አጋማሽ አቡጃ ሄደው ከላዲ ክዋሊ ዘንድ ሠርተዋል። በ1982 ከለንደን የንጉሣዊ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ተመረቁ። እርሳቸው የሚያብለጨልጨውን ቅብ ትተው በእጅ የሠሩትን ገላ በቀጭን የሸክላ ፈሳሽ ቀብተው ይወለውሉታል። አየር እንደ ልቡ በሚገባበት እሳት ሲተኰስ ቀይ ይሆናል፤ አየር ታፍኖ በጭስ ሲተኰስ ደግሞ ይጠቁራል። ሆዱ የነፍሰ ጡር፥ አንገቱ የምትጣራ ሴት ይመስላል፤ ጥቂት ዘንበል ማለቱም ሕይወት ይሰጠዋል። በበኩላችን አንድ ቅሬታ አለን፤ ልስላሴው አንዳንድ ጊዜ የሠሪዋን የጣት አሻራ ፈጽሞ ያጠፋዋል። በላዲ ክዋሊ እንስራ ላይ ግን እጅ እንዳለፈ ይታያል።

እንግዲህ ከኦዱንዶ ሥራ ውሃ የሚቀዳ የለም። ነገር ግን ሆዱም፥ አንገቱም፥ ከንፈሩም ለብዙ ዘመን ውሃ የተሸከሙ ሴቶች በአገልግሎት ፈትነው ያገኙት ነው። አገልግሎት ለጥበቡ እናት እንጂ ጠላት አልነበረም። ስለዚህ መነሻ ያደረግነውን አስተያየት አንቀበለውም።

ነገሩ እኛንም ይነካል። በአገራችንም ሴቶች ያለ መዘውር ጀበናና ምጣድ፥ ገንቦና እንስራ ይሠራሉ። ሕዝቡ በዕቃው እየበላና እየጠጣ፥ ሠሪዋን «ቡዳ» እያለ ሲሸሻት ኖሯል። በላዲ ክዋሊና በእነዚህ ሴቶች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የእጅ ብልሃት አይመስለንም፤ የአንዲቱ ስም ተጽፏል፥ የሌሎቹ አልተጽፈም። ከእኛ መካከል ለጥናት ወደ ገጠር የሚወርድ ሁሉ አንድ ጀበና ይዞ ሲመለስ፥ የተሠራበትን ቀበሌ ብቻ ሳይሆን፥ ሠሪዋን ጠይቆና አስፈቅዶ ስሟን አብሮ ይጻፍ። የሥነ ጥበብ ሒስ በአገራችን ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው እንላለን።