ማደጎ በሁለት ሥርዐት፤ «መርሲ መርሲ» ስለ ተባለው ፊልም የቀረበ ሂስ

ዴንማርካዊቷ ካትሪነ ሪስ ኬር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት «መርሲ መርሲ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም፣ ከኢትዮጵያ ወደ ዴንማርክ በማደጎ የተወሰዱ የሁለት ሕፃናትን ታሪክ ለዓመታት ተከታትሎ ያሳያል። ወላጆቹ የኤች አይ ቪ ሕመም ስለ ተገኘባቸው፣ ሞት ሳይቀድማቸው ታናናሾቹን ሁለት ልጆች ለባዕዳን ባልና ሚስት ሰጡ። በመድኀኒት ኀይል ግን ሁለቱም በሕይወት ቆዩ፤ የልጆቻቸውን ወሬ እንደ ጠበቁት አላገኙም። ልጅቱም ከአዲሱ ቤት ጋር ሳትስማማ ቀርታ በመጨረሻ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ገባች።

ፊልሙ በዴንማርክ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ከፍ ያለው ዋጋውም የሰጪውንና የተቀባዩን ቤት ጐን ለጐን ማሳየቱ ነው፤ በዚህ ዐይነት ታሪክ ውስጥ የወላጅ እናት ድምፅ ብዙ ጊዜ አይሰማምና። ይሁን እንጂ ፊልሙ በዳዩን እንጂ የበደሉን ሥር አያሳይም። ተመልካቹ በአሳዳጊዎቹና በአገናኙ ድርጅት ተቈጥቶ ይነሣል፤ ወላጆቹ ልጆቹን ሲሰጡ ምን የሚፈጽሙ መስሏቸው እንደ ነበረ ግን ሳይረዳ ይቀራል።

ችግሩ ያለው ከዚህ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደ ጸና ይኖራል ይላሉ። የዴንማርክ ሕግ ግን ልጁን ከወላጆቹ ጋር የሚያስተሳስረውን ሕጋዊ ዝምድና ያቋርጣል። እንግዲህ አንዱ ሕግ ዝምድናን ይጨምራል፤ ሌላው ይተካል። ሁለቱም የሚጠሩት ግን በአንድ ስም ነው።

የሕጉም ሐሳብ ከሀገሩ ልማድ የራቀ አይደለም። በአማራው ዘንድ «የጡት ልጅ» የሚሆን ሰው ሁለተኛ አባት ያገኛል እንጂ የመጀመሪያውን አይክድም። በኦሮሞው ዘንድም ጉዲፈቻ በሽማግሌዎች ፊት በአደባባይ ይፈጸማል፤ ልጁ ከአሳዳጊው ጎሣ ቢቈጠርም ሰጪና ተቀባይ ብዙ ጊዜ ተዋውቀው ይኖራሉ። በዚህ ልማድ ያደገች እናት ልጄን ሰጠሁ ስትል ዘመድ አበዛሁ ማለቷ ነው። የልጇን ወሬ መጠየቋም የውል ማፍረስ ሳይሆን የውሉ አካል ነው።

ይህም ልዩነት ከፍርድ ቤት አልፎ እስከ ማዕድና እስከ መኝታ ይደርሳል። መተካትን መሠረቱ ባደረገ ቤት ውስጥ ልጅ የቀድሞ እናቱን ብሎ ሲያለቅስ፣ ልቅሶው ታክሞ ሊድን የሚገባው ደዌ ይመስላል። መጨመርን በሚያውቅ ቤት ግን ልቅሶው የሚጠበቅ ናፍቆት ነው፤ ልጁን የሚያጽናኑትም የእናቱን ስም እየጠሩ ነው። ይህ ሲባል የሀገር ቤቱ ልማድ ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም፤ በማደጎ ስም ልጅን አምጥቶ ለሥራ ማዋል በእኛም ዘንድ ያለ ነገር ነው።

ፊልሙ ራሱም ከነቀፋ አያመልጥም። ሕፃኒቱ ፈቃዷን ለመስጠት በማትችልበት ዕድሜ ጭንቀቷ ለዓለም ታይቷል። አሳዳጊዎቹ ስለ እርሷ ሳይጠይቋት እንደ ወሰኑ ሁሉ፣ ካሜራውም እንዲሁ ወሰነ።

ኢትዮጵያ በጥር 2010 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ የውጭ ሀገር ሰዎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ከልክላለች። ክልከላው ወደፊት የሚሄደውን ያስቀራል እንጂ የሄደውን አይመልስም። ወደ አሜሪካ ብቻ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት 15 ሺህ ያህል ልጆች ተወስደዋል፤ ብዙዎቹ ዛሬ ለአካለ መጠን ደርሰዋል፤ እናታቸውን ፍለጋ የሚመለሱም አሉ። እነዚህ ሰዎች በትውልድ ሀገራቸው ሕግ አንጻር ዝምድናቸው ተቋርጦ አያውቅም። ፊልሙ ሳይናገር የቀረውም ይህንኑ ነው፤ በድርጅት ደጅ ቆማ የልጇን ወሬ የምትጠይቀው እናት ምጽዋት ለማኝ አልነበረችም፤ መብቷን የምትጠይቅ ዘመድ ነበረች።