የእመቤታችን ሥዕልና ኅትመት፤ ከናርጋ ሥላሴ እስከ ዶሮ ማነቂያ

ኅትመት የእመቤታችንን ሥዕል ክብር ቀነሰ የሚለው ፍርድ እውነትነቱ ከፊል ነው። ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ ከባሕር ማዶ ግልባጭ ጋራ የተገናኘው በቅርብ ዘመን አይደለምና። በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው ሥዕለ ማርያም በ1569 እ.ኤ.አ. እንድትገለበጥ ለኢየሱሳውያን ከተፈቀደ በኋላ፥ ግልባጮቿ በቅብም በኅትመትም ተሠራጭተው ወደ ኢትዮጵያ ደረሱ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ እ.ኤ.አ. ሚሲዮናውያኑን ሲያባርሩ ሥዕሏ ግን ቀረች። ሠዓሊዎቹ የተደራረቡትን እጆች፥ የተዘረጉትን ሁለት ጣቶችና መሐረቡን ጠብቀው፥ ዓይኑንና ቀለሙን በራሳቸው ወግ ሠሩ፤ ሚካኤልንና ገብርኤልንም ባለ ሰይፍ አድርገው በግራ በቀኝ አቆሙ። «ምስለ ፍቁር ወልዳ» የተባለችው ሥዕል በዚህ አኳኋን የአገር ሆነች።

ይሁን እንጂ ትልቁ ለውጥ የሚታየው በሥዕሉ መልክ ሳይሆን በሥዕሉ ግርጌ ነው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት እ.ኤ.አ. በጣና በደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴ በተሣለው ሥዕል፥ የዳግማዊ ኢያሱ እናት እቴጌ ምንትዋብ ልጇን በታቀፈችው እናት እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ያ ስፍራ ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ ስፍራ ነበር። በቀለም የታተመው ወረቀት ግን ይህን ስፍራ ለማንኛዪቱም እናት ከፈተ። እንደ ዶሮ ማነቂያ ባሉ ጠባብ የከተማ ቤቶች ሥዕሉ ከግድግዳ ተሰቅሎ ዕጣን ይታጠንለታል፤ ነፍሰ ጡሯን «ማርያም ትቅረብሽ»፥ አራሷን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚሉት ጎረቤቶችም በዚያው ሥር ይሰበሰባሉ።

ዋጋው ግን መዘንጋት የለበትም። ብራናና ግድግዳ የለማኟን መልክና ስም ይይዛሉ፤ የታተመው ሥዕል ስፍራውን ሲሰጥ ስሟን አይመዘግብም። ሺሕ ጊዜ የተባዛ ወረቀት ስለ ሆነም፥ ለሠዓሊ ታሪክ የሚደክም ተመራማሪ አልፎት ይሄዳል። የዶሮ ማነቂያ ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ሲፈርሱ የጠፋው ይህ ነው፤ ወረቀቱ በሌላ ግድግዳ ሊሰቀል ይችላል፥ ከሥሩ ይሰበሰቡ የነበሩት ጎረቤቶች ግን ተበትነዋል።

ስለዚህ የታተመን ሥዕል የሚመረምር ሰው የአታሚውን ጥበብ በመመዘን ብቻ መወሰን አይገባውም። በየትኛው ግድግዳ እንደ ተሰቀለ፥ ማን እንደ ወለደችበት፥ ማንስ ዕጣን እንዳጨሰችለት መጻፍ አለበት። ለእቴጌይቱ ሠዓሊው ያደረገላቸውን፥ ስሟ ላልተጻፈው እናት ማድረግ የተመራማሪው ፈንታ ነው።