ፊት የሚለየው ሶፍትዌር
በጥር የሠርግ ወቅት አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር የሚሠራ የቪዲዮ ኤዲተር እጅ የሚገባው ቀረጻ ለጉድ ነው፤ ሠርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ፣ ያውም በሁለትና በሦስት ካሜራ። የቪዲዮ ማቀናበሪያው ሶፍትዌር ዳቪንቺ ሪዞልቭ በ2019 እ.ኤ.አ. በ16ኛ እትሙ፣ በሚከፈልበት የስቱዲዮ ስሪት ይዞት የመጣውን የፊት መለያ እጅግ የምወደው ለዚህ ነው። ክሊፖቹን ይፈትሽና ያገኛቸውን ፊቶች ይሰበስባል፤ ኤዲተሩ «የሙሽራዋ እናት» ብሎ ስም ሲሰጥ እሳቸው የታዩበት ክሊፕ በአንድ ማኅደር ይገባል። እህትማማቾችን ቢያምታታ በእጅ ይታረማል። እናትየው ልጃቸውን ሲመርቁ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን የጠረጉባት ቅጽበት ድሮ ከስንት ሰዓት ቀረጻ መሀል ተደብቃ ትቀር ነበር። አሁን ኤዲተሩ ቶሎ ያገኛታል፤ የተረፈውን ጊዜ ለድምፁና ለቀለሙ ያውለዋል።