ጋፋትን አይተናታል?

ጋፋት ደብረ ታቦር አቅራቢያ ያለች፣ ገብስና ድንች የሚበቅልባት ጸጥ ያለች የገበሬ መንደር ናት። መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ከተሜው ይመጣና «ሴባስቶፖል የተሠራው የት ጋ ነው?» ይል ነበር፤ ፎቶ ይነሳል፤ በቃ። መድፉ እንኳ እኮ እዚያ የለም! ዋናው መቅደላ፣ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ነው ያለው።

ታሪኩም ሲነገር የምንሰማው ያዘዙትን ዐፄ ቴዎድሮስንና የሠሩትን እነ ዋልድማየርን ብቻ ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየጠረገ፣ ገደል እየወረደና እየወጣ እስከ መቅደላ የጎተተው ሰውስ? ፈረንጆቹ ማስታወሻ ስለጻፉ ስማቸው ቀረ፤ የጎታቹን ስም ማን ጻፈው?

ደግሞ ሁልጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ንጉሡ መድፉን ይዘው ሲነሱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ነው የሄዱት። ከዚያ በፊትም ሠራዊታቸው የበጌምድርን ገበሬ እህሉንና ከብቱን ዘርፎታል። ንጉሡን ከሚወዱት አንዱ ነኝ፤ ቢሆንም የመድፉ ዋጋ ከማን ጎተራ እንደወጣ ሊነገር ይገባል። አስጎብኚው ካልነገረን፣ ማሳው ዳር የቆሙትን ሽማግሌ «አባቶችዎ ስለዚያ ዘመን ምን ይሉ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ያባት ነበር። ከተሜው ግን ለምሳ ባሕር ዳር መድረስ ነበረበት።