ምላሷ የተቆረጠው ሴትና የኛ «ቡዳ»

ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

የአገር ጉዳይ እያለ ስለ አስፈሪ ፊልም መጻፍ ምን ይሉታል እንዳትሉኝ። ፊልሙ መልሶ የወሰደኝ ወደ አገር ቤት ነው።

ርዕሱ «ዘ ኦቶፕሲ ኦቭ ጄን ዶ» ይባላል። ኖርዌጂያዊው አንድሬ ኡቭሬዳል በ2016 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ነው። «ጄን ዶ» አሜሪካኖች ማንነቷ ላልታወቀ ሴት የሚሰጡት ስም ነው። በቨርጂኒያ የሚኖሩ አስከሬን መርማሪ አባትና ልጅ (ብራያን ኮክስና ኤሚል ኸርሽ) ፖሊስ ያመጣላቸውን የአንዲት ወጣት ሴት አስከሬን በአንድ ሌሊት መርምረው ማስረከብ አለባቸው። ላይዋ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ሲመረምሯት ግን የእጅና የእግሯ አንጓዎች ተሰባብረዋል፣ ምላሷ ተቆርጧል፣ ሳንባዋ ከሰል መስሏል።

እኔ መሐንዲስ ነኝ። የተሰበረ ነገር ሲገጥመኝ ከስብራቱ ወደ ምክንያቱ መሄድ እንጀራዬ ነው። ስለዚህ የፊልሙ የመጀመሪያ አጋማሽ ልቤን ወሰደው። አባትና ልጅ አይጮሁም፣ አይሮጡም፤ ያያሉ፣ ይመዘግባሉ፣ ይጠይቃሉ። ከውጭ ማዕበል አለ፣ ሬዲዮው ይንኮሻኮሻል፣ ካሜራው ደግሞ እየተመለሰ ያንን የማይንቀሳቀስ ፊት ያሳየናል። ሴትዮዋን ሆና የተጫወተችው ኦልዌን ኬሊ አንድም ቃል ሳትናገር ፊልሙን ተሸክማዋለች።

ኋላ ላይ ከሆዷ ውስጥ 1693 የሚል ዓመትና ዘሌዋውያን 20፥27ን የሚጠቁም ጨርቅ ይወጣል። በሴሌም ከተማ ስም የሚታወቀው የጠንቋዮች ችሎት ዘመን ነው። በ1692 እና 1693 እ.ኤ.አ. በተካሄደው በዚያ ችሎት 19 ሰዎች ተሰቅለዋል፤ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ተጭኖበት ሞቷል። አስከሬኗም ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሳይፈርስ የቆየ ነው ማለት ነው። አባትና ልጁ የሚደርሱበት ድምዳሜ ይህ ነው፦ ሴትዮዋ ንጹሕ ነበረች፤ ክፉውን እናጠፋለን ብለው ያሰቃዩዋት ሰዎች ራሳቸው ክፉ አደረጓት።

ጠቤ እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ ንጽሕናዋን በአንድ አፍ ይመሰክርላትና በቀረው ጊዜ ከሳሾቿ ያሏትን ሁሉ ያደርጋታል። ሰው ታሳብዳለች፣ ትገድላለች፤ ስብራቷም ወደ አባትየው ይተላለፋል። ገራፊዎቿን ግን አንዴም አናያቸውም። በሌሉበት ነጻ ወጡ ማለት ነው። ፍርሃቱ ሁሉ የተመደበው ለተገረፈችው ነው።

ይህ ለኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነው? በፊልሙ ከአስከሬኗ ውስጥ የሚገኘው አበባ በኛ አገር አጤፋሪስ ወይም አስተናግር የምንለው ተክል ነው። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ አስተናግር፣ የሚያናግር። በኛ ባህል ቡዳ በላው የተባለ በሽተኛ ይታጠናል፣ ከዚያም «ማነህ? የት ያዝከው?» ተብሎ ይጠየቃል። በሽተኛው ይለፈልፋል፤ የሚናገረው ግን በተከሳሹ ስም ነው። ከዚህ የባሰ ችሎት አለ? ተከሳሹ በሌለበት፣ በሌላ ሰው አፍ ያምናል። የፊልሟን ሴት ምላሷን ቆረጡት፤ እኛ መቁረጥ እንኳ አላስፈለገንም፣ በተከሳሹ ፋንታ ተናገርንለት።

ተከሳሹስ ማነው? ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው። ማረሻውን የሚያበጅልን፣ ምጣዱን የምታሟሽልን ሰው። የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባሉ ኖረዋል፤ ሐጋር ሳላሞን በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን ጥናት «የጅብ ሰዎች» ያለችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቡዳ የበላውን ሰው ከመቃብር አውጥቶ ያገለግለዋል እንላለን። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ አረጀ፣ ስድቡ ግን እንደ ጄን ዶ ሳይበሰብስ ቆየ።

ውቅያኖስም ተሻገረ። ባለፈው ክረምት እዚሁ ሚኒያፖሊስ፣ አንድ ቤት ቡና ተፈልቶ ስለ አንድ ሙሽራ ወሬ ተነሳ። ልጁ የተማረ፣ ሥራ ያለው፣ ጨዋ ነው ተባለ። አንዲት እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አጥንቱ ተጠይቋል? ቀጥቃጮች ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ። በክፍሉ ውስጥ ቢያንስ አራት ሰው ማስተርስ ዲግሪ አለው፣ አንዱ እኔ ነኝ። ብረት ከየት እንደሚመጣና በምን እንደሚቀለጥ አውቃለሁ፤ የሙያዬ አያት ያ ቀጥቃጭ መሆኑንም አውቃለሁ። ሦስተኛውን ስኒ ጠጥቼ ዝም አልኩ። ላያችን ላይ ጭረት የለም፤ ማን ከፍቶ ያየናል?

ፊልሙን አትዩት አልልም። እንዲያውም መብራት አጥፍታችሁ እዩት፤ በጥበብ የተሠራ ነው። ነገር ግን ስትፈሩ ማንን እየፈራችሁ እንደሆነ ጠይቁ። በበኩሌ ያቺን ሴት ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ በምትኩ ከሳሹን ባስተኛው እወዳለሁ። ያኔ ቢላዋው መጀመሪያ የሚያገኘው ምናልባት የኔን ዝምታ ይሆናል።

ቸር ይግጠመን።