በረዶና ተሳላሚ፤ በሼክስፒር ሶኔቶች ስላለው የፍቅር አነጋገር

በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ስለ እውነተኛ ፍቅር ሲነሣ አዘውትሮ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1609 የታተመው የሼክስፒር 130ኛው ሶኔት ነው። ባለቅኔው የወዳጁ ዓይን ፀሐይ፣ ጉንጯም ጽጌረዳ እንዳይደለ፣ ደረቷ እንደ በረዶ እንዳልነጣ፣ ስትሄድም መሬት እንደምትረግጥ ይዘረዝራል። በመጨረሻዎቹ 2 ስንኞች ግን በሐሰት ንጽጽር ከተወደሱት ሁሉ እንደማታንስበት ይምላል። ከዚህ ተነሥቶ «ዘይቤ ውሸት ነው፤ እውነተኛ ፍቅር በግልጽ ይናገራል» የሚል ፍርድ ተለምዷል። እኛ በበኩላችን ይህን ፍርድ አንቀበለውም።

ከፍታው 2,800 ሜትር ያህል በሆነው በደብረ ብርሃን አካባቢ በረዶ ማለት ገብስ የሚያወድም መዓት ነው። ነገር ግን ያው ገበሬ የኮረዳይቱን ጥርስ በረዶ፣ አንገቷን ብርሌ ብሎ ያወድሳል። ሰሚውም ከበረዶው ንጣቱን ብቻ ወስዶ ጕዳቱን በማሳው ላይ ይተወዋል። «በአንገቷስ ጠጅ ይጠጣበታል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሼክስፒር ግን እንዲህ ያለ ጠያቂ ሆኖ ቀረበ፤ ክርክሩን የረታውም ማንም ከልቡ ያላለውን ነገር በማስተባበል ነው። በርግጥ ምክንያት አለው። ከጣሊያናዊው ፔትራርክ የተወረሰው ውዳሴ፣ በ1591 የሲድኒ ሶኔቶች ከታተሙ ወዲህ በእንግሊዝ አገር እጅግ ተስፋፍቶ፣ እንደ አሮጌ ጠገራ ብር መልኩ ፈዝዞ ነበር።

ስድቡ ሰም፣ ምስጋናው ወርቅ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉን። በቅኔያችን ግን ሰምና ወርቅ በአንድ ኅብረ ቃል አብረው ያድራሉ፤ በዚህ ሶኔት ተራ በተራ ነው የሚመጡት።

ከሁሉ ይልቅ የከነከነን የሴቲቱ ዝምታ ነው። ባለቅኔው ስትናገር መስማት እንደሚወድ ይነግረናል፤ ምን እንዳለች ግን አንድ ቃል አያሰማንም። ክርክሩ የባለቅኔዎች ነው፤ እርሷ ለማስረጃ ቆማለች።

አሁን የመንዝ ተወላጅ የሆኑት ክቡር ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱትን «ሮሜዎና ዡልዬት»ን እናስብ። ሁለቱ ወጣቶች በግብዣው ላይ መጀመሪያ የሚለዋወጡት ንግግር በእንግሊዝኛው 14 ስንኝ ያለው ሙሉ ሶኔት ነው። ሮሜዎ እጇን የተቀደሰ ስፍራ፣ ከንፈሮቹን ተሳላሚዎች ያደርጋል። ዡልዬት «ይህ ውሸት ነው» አትለውም፤ ዘይቤውን ተቀብላ፣ ተሳላሚ የሚሳለመው መዳፍ ለመዳፍ በመንካት ነው ብላ ትመልስለታለች። በእንግሊዝኛ መዳፍና ተሳላሚ በድምፅ ስለሚገጥሙ መልሱ ያማረ ነው። በአማርኛ ግን ጨዋታው ይጠፋል፤ እንዲያውም ቋንቋችን ለሮሜዎ ያደላል። በአንኮበር ሚካኤል ደጃፍ የሚሳለም ሰው በከንፈሩ ስሞ ነውና፣ ዡልዬት በሸዋ ሌላ መከላከያ ያስፈልጋት ነበር።

እኛ እውነተኛውን ፍቅር የምናየው በዚህ ነው። ንጽጽሩ ከ130ኛው ይልቅ የተጋነነ ነው፤ ሆኖም ሁለት ሰዎች ይዘውታል፤ አንዱ ሲስብ ሌላዋ ታረግባለች። በመጨረሻም ዡልዬት ቅዱሳን ልመናን ቢሰሙም ከቦታቸው አይንቀሳቀሱም ትላለች። እምቢታም ፈቃድም ነው። ሮሜዎ ፈቃዱን ሰምቶ ቀረበ።